ስሙን ሰውሮ ሙያውን የገለጠ ደራሲ

አንድ መጽሐፍ በእጃችን በገባ ጊዜ አስቀድመን የምንጠይቀው «ደራሲው ማን ነው?» ብለን ነው። የደራሲው ስም የታወቀና የተከበረ እንደ ሆነ፥ መጽሐፉን ገና ሳንገልጠው እናከብረዋለን፤ ስሙ ያልተሰማ ወይም ጠባዩ የተነቀፈ እንደ ሆነ ደግሞ ገና ሳናነበው እንንቀዋለን። ይህ ልማድ ለወዳጆች ጨዋታ ይበቃ ይሆናል፤ መጽሐፍን መዝኖ ፍርድ ለሚሰጥ ሰው ግን አይበቃም። አለመብቃቱን ከሚያስረዱት መጻሕፍት አንዱን ለአንባቢዎቻችን ለማስተዋወቅ እንወዳለን። የዚህ መጽሐፍ ደራሲ ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ በርግጥ አልታወቀም፤ ሙያውም ከራሱ አነጋገር እንደምንረዳው በቍማር ጠረጴዛ ላይ ማታለል ነበረ። ሆኖም መጽሐፉ ለተመልካች ደስታ በካርታ ልዩ ልዩ ትርኢት ለሚያሳዩ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ መምህር ሆኖ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1902 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ «የካርታ ጠረጴዛ ባለሙያ» ብለን ልንተረጕመው የምንችለው መጽሐፍ ታተመ። በደራሲው ስም ቦታ «ኤስ. ደብሊው. ኤርድኔዝ» የሚል ተጽፎበታል። ያሳተመውም ራሱ ደራሲው ነበረ። ዋጋው 2 ዶላር ነበረ፤ ዓመት ሳይቈይ ግን በግማሽ ዋጋ ሲሸጥ ታየ። ከ1905 ጀምሮ ፍሬደሪክ ድሬክ የተባለው የቺካጎ አሳታሚ በርካሽ ዋጋ ደጋግሞ አሳተመው። እንግዲህ የመጽሐፉ አጀማመር የሚያስቀና አልነበረም፤ ክብሩ የመጣው ቀስ በቀስ፥ ያነበቡት ሰዎች እጃቸውን ካሠለጠኑበት በኋላ ነው።

«አንድ ቍማርተኛ ስለ ማታለያ የጻፈው መጽሐፍ ለመምህርና ለተማሪ ምን ይጠቅማል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ቍማርን ለማመስገን አልተነሣንም። ቍማር ደመወዝ የሚበላ፥ ቤት የሚያፈርስ፥ ወዳጅን ከወዳጅ የሚለይ መሆኑን ለማወቅ ከአሜሪካ የመጣ መጽሐፍ አያስፈልገንም። የተነሣንበት ጕዳይ ሌላ ነው። ከክፉ ሥራ የተገኘ ዕውቀት በጽሑፍ ከተገለጠ በኋላ ለመልካም ሥራ ሊውል ይችላልን? የሚችልስ ከሆነ፥ ይህን የሚያስችለው ምንድር ነው? እኛ እንደሚመስለን ዋናው ምክንያት የአጻጻፉ እውነተኛነት ነው፤ ይህንንም ከዚህ በታች ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ግን የቃል መደናገር እንዳይፈጠር፥ በዚህ ጽሑፍ «ምትሐት» ስንል የጥንቈላን ወይም የመንፈስን ሥራ ማለታችን አይደለም። በእጅ ቅልጥፍና ዓይንን አታሎ የሚያስደንቅ፥ ተመልካቹም መታለሉን እያወቀ ገንዘቡን ከፍሎ የሚገባበትን ትርኢት ማለታችን ነው። ምትሐተኛውና አጭበርባሪው ቍማርተኛ በእጃቸው የሚሠሩት ሥራ አንድ ሊሆን ይችላል። ልዩነታቸው ግን እንደ ቀንና እንደ ሌሊት ነው፤ የፊተኛው «አታልላችኋለሁ» ብሎ አስታውቆ ያስደስታል፥ የኋለኛው «በቅንነት እጫወታለሁ» ብሎ ይዘርፋል።

ከኤርድኔዝ በፊትም ስለ ካርታ ማጭበርበር የጻፉ ነበሩ። ፈረንሳዊው ሮቤር ሁዳን በ1861፥ እንግሊዛዊው ማስክሊንም በ1894 የአጭበርባሪዎችን ተንኰል የሚገልጡ መጻሕፍት አሳትመዋል። ሁለቱም ስመ ጥር ምትሐተኞች ነበሩ፤ ዓላማቸውም ሕዝቡ እንዳይታለል ማስጠንቀቅ ነበረ። ማስክሊን በተለይ ምልክት ስለ ተደረገባቸው ካርታዎችና በልብስ ውስጥ ተሰውረው ካርታ ስለሚደብቁ መሣሪያዎች በሰፊው ጽፏል። የእነዚህ ሊቃውንት ሥራ የሚመሰገን ቢሆንም፥ ከጠረጴዛው ውጭ ቆሞ ወደ ውስጥ የሚመለከት ሰው ሥራ ነው። ኤርድኔዝ ግን የጻፈው ከጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጦ ነው። መሣሪያንና ምልክት ያለበትን ካርታ በጥቂት ቃል ዐልፎ፥ የቀረውን መጽሐፍ ሁሉ ለዐሥሩ ጣቶች ይሰጣል።

መቅድሙ ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል። ስለ ቍማር የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ «ከኀጢአቴ ተመልሻለሁ» እያለ አንባቢን ማባበል የተለመደ ነው። ኤርድኔዝ ይህን ዐይነቱን አነጋገር ግብዝነት ነው ብሎ ይተወዋል። መጽሐፉ የዋሁን ሊያስጠነቅቅ፥ ተንኰለኛውንም ሊያሠለጥን እንደሚችል ሳይሸሽግ ይናገራል፤ የጻፈበትም ዋና ምክንያት ገንዘብ ስላስፈለገው መሆኑን በግልጽ ያስታውቃል። እሱ ራሱም ገና ያልበሰለ ወጣት ሳለ በራሱ ተማምኖ ገብቶ ገንዘቡን እንደ ተበላ፥ ትምህርቱንም ያገኘው በዚሁ እንደ ሆነ ይተርካል፤ የበሉትን ሰዎች ግን አይወቅስም። ይህ ደራሲ እንደ እኛ «እኛ» እያለ የሚጽፍ በመሆኑ፥ ስናነበው አንዳንድ ጊዜ ፈገግ ማለታችን አልቀረም።

አሁን ደራሲው ለካርታ ጥበብ ያበረከተውን እንመልከት። የመጀመሪያው አስተዋፅኦ ስም መስጠቱና ትርጕም መወሰኑ ነው። ቍማርተኞች ምስጢራቸውን ከአፍ ወደ ጆሮ ሲያስተላልፉ ኖረዋል፤ ምስጢር ደግሞ ብዙ ቃል አይወድም። ኤርድኔዝ ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት የሚጠቀምባቸውን ቃላት አንድ በአንድ ይዘረዝራል። በብወዛ መካከል አንዲት ካርታ ከሌሎቹ ጥቂት ብቅ ብላ እንድትቀር ቢደረግ፥ እጅ ያለ ዓይን እርዳታ ያንን ቦታ መልሶ ያገኘዋል፤ ለዚህ አንድ ስም አለው። በሁለት የካርታ ክምር መካከል በጣት የሚያዝ ቀጭን ክፍተት አለ፤ ለዚህም ሌላ ስም አለው። አስቀድሞ ተመርጠው በአንድ ቦታ የተሰበሰቡት ካርታዎችም ስማቸው የተለየ ነው። እነዚህ ቃላት አንድ ጊዜ ከተወሰኑ በኋላ ረዥሙን የብወዛ ሥርዐት በጥቂት መስመር መጻፍ ተቻለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ካርታ የጻፉ ብዙ የእንግሊዝኛ ደራስያንም በእነዚሁ ቃላት ሲሠሩ ኖረዋል።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስል፥ የእጅን ሥራ በቃል መግለጽ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ ማሰብ ይገባል። በጽሕፈት ሥራ የምንኖር ሰዎች አንድ ተራ መመሪያ ስንጽፍ እንኳ ሁለት ሰዎች አንብበው ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ሲፈጽሙ እናያለን። እኛም የመጽሐፉን አንድ ክፍል መርጠን፥ ካርታ በግራ እጃችን ይዘን፥ ከአንድ ጓደኛችን ጋር እንደ ትእዛዙ ለመፈጸም ሞክረን ነበር። ጓደኛችን ያነባል፤ እኛ ጣታችንን እናስቀምጣለን። ካርታው ብዙ ጊዜ ከወለል ላይ ተበተነ፤ ነገር ግን «እዚህ ላይ ምን ማለቱ ነው?» ብለን የቆምንበት ጊዜ አልነበረም። አውራ ጣት የት እንደሚውል፥ ሌባ ጣት እንዴት እንደሚታጠፍ፥ ትንሿ ጣት በምን ሰዓት እንደምትገፋ ሁሉ ተነግሯል። ጕድለቱ የእጃችን እንጂ የቃሉ አልነበረም። ከጽሑፉም ጋር ስሚዝ የተባለ ሠዓሊ ከሕያው እጅ እየተመለከተ የሣላቸው ከመቶ በላይ ሥዕሎች አሉ።

ሁለተኛው አስተዋፅኦ መለኪያ ማቆሙ ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ይመስለናል። ብዙ የእጅ ቅልጥፍና ያላቸው ሰዎች ቅልጥፍናቸውን ማሳየት ይወዳሉ፤ ካርታውን በአየር ላይ ይዘረጋሉ፥ እንደ ማራገቢያ ይከፍታሉ። ለምትሐተኛ ጭብጨባ ደመወዙ ነው። ለአጭበርባሪ ግን አድናቆት ጥፋቱ ነው፤ ጣቱ ብልኅ መሆኑ የታወቀበት ዕለት ጨዋታው አበቃ። ስለዚህ ኤርድኔዝ ችሎታን ከመግለጥ ይልቅ መሰወርን ያስተምራል። ካርታው በቅንነት ሲታደልም ሆነ በተንኰል ሲታደል አያያዙ፥ ፍጥነቱና የእጁ አቀማመጥ አንድ መሆን አለበት ይላል። እንዲህም ከሆነ የሚያጠራጥር እንቅስቃሴ ፈጥኖ በማለፉ አይመሰገንም፤ የሚመሰገነው ከነጭራሹ እንቅስቃሴ መስሎ ባለመታየቱ ነው።

ይህ መለኪያ ወደ ምትሐተኞች በተሻገረ ጊዜ ጥበባቸውን ለወጠው። ምትሐተኛ በመድረክ ላይ ከተመልካቹ ርቆ በሚቆምበት ጊዜ በንግግሩና በእጁ ውርወራ ብዙ ሊሸፍን ይችላል፤ ቢሳሳትም በቀልድ ያልፋል። አጭበርባሪው ግን ከክንድ ርቀት በማይበልጥ ቦታ ገንዘባቸው በተያዘባቸው ሰዎች ዓይን ፊት ይሠራል፤ ቢሳሳት ምሕረት የለውም። ፈተናው እንዲህ የከበደ ስለ ሆነ ዘዴውም የጠራ ሆነ። ምትሐተኛው ከዚህ መጽሐፍ የወሰደው ዝርፊያውን አይደለም፤ ዝርፊያው የጠየቀውን ጥንቃቄ ነው።

ሦስተኛው አስተዋፅኦ የራሱን ሥራ መተቸቱ ነው። ካርታ ከተበወዘ በኋላ ሌላ ተጫዋች ይቈርጠዋል፤ መቍረጡም የአጭበርባሪውን ዝግጅት ሁሉ ያፈርሳል። ስለዚህ የተቈረጠውን በስውር ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ ለማጭበርበር ዋና ጕዳይ ነው። ኤርድኔዝ ይህን ለማድረግ ብዙ ዘዴዎች ይገልጻል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹን ራሱ የፈጠራቸው ናቸው። ሌላ ደራሲ ቢሆን ፈጠራውን እያሞገሰ ገጹን በሞላው ነበር። እሱ ግን እጅ ሳይነቃነቅ፥ ወይም በተለመደው የጨዋታ እንቅስቃሴ ውስጥ ፈጽሞ ተሸፍኖ ሊደረግ የሚችል ዘዴ ገና አልተገኘም ብሎ ያምናል። ዘዴው ከዚህ በላይ ሊሻሻል ካልቻለም የሚሠራበትን ሰዓት መምረጥ እንደሚገባ ያመለክታል። «እስከዚህ ደርሻለሁ፤ ከዚህ በላይ ግን አልቻልሁም» የሚል ደራሲ ለተከታዮቹ የሥራ በር ከፍቶ ይሄዳል። በርግጥም ከእሱ በኋላ የተነሡት ባለሙያዎች የደከሙት ይህን የጐደለውን ለመሙላት ነው።

ምስጋናውን ከሰጠን ዘንድ ነቀፌታውንም መናገር ግዴታችን ነው። መጽሐፉ ሁለት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያው ስለ ቍማር ጠረጴዛ፥ ሁለተኛው ስለ ምትሐት ነው። በሁለተኛውም ክፍል ምትሐተኞችን የጠቀሙ አዳዲስ ዘዴዎች አሉ። ለአንዳንዶቹ ትርኢቶች የጻፈው ንግግር ግን የተንዛዛና ከመጠን በላይ ያጌጠ ነው፤ በፊተኛው ክፍል ስለ ጣቶች ሲጽፍ አንድ ቃል የማያባክነው ሰው፥ ለአፍ በሚጽፍበት ጊዜ ቃል ያበዛል። ሌላም ጥፋት አለበት። ላወቀው ነገር ሁሉ ከራሱ በቀር የሚያመሰግነው ሰው እንደሌለ ይናገራል። ነገር ግን ካርታን ከሥር እየሳቡ ማደልና የመሳሰሉት ዘዴዎች ከእሱ በፊት የታወቁ ነበሩ። ለራሱ ፈጠራዎች ስሙን ሲሰጥ፥ ለቀደሙት ስማቸውን አለመስጠቱ ያስወቅሰዋል። የሚያስገርመውም፥ ለፈጠራዎቹ የሰጠው ስም ራሱ የተሸሸገ ስም መሆኑ ነው።

ስለዚህ ስም ጥቂት እንበል። ኤርድኔዝ የሚለውን ስም ከመነሻ ፊደሎቹ ጋር በእንግሊዝኛ ፊደል ከኋላ ወደ ፊት ያነበቡ ሰዎች «ኢ. ኤስ. አንድሩስ» የሚል ስም አግኝተውበታል። በ1946 ማርቲን ጋርድነር የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ ሠዓሊውን ስሚዝን በቺካጎ ፈልጎ አገኘው። ስሚዝም በብርድ ወራት በአንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ የገጠመውን ሰው ቁመቱ አጠር ያለ፥ አነጋገሩ የታረመ፥ እጁ ለስላሳ እንደ ነበረ አስታወሰ። ጋርድነር የጠረጠረው ሚልተን ፍራንክሊን አንድሩስ የተባለውን ቍማርተኛ ነበረ፤ ይህ ሰው በነፍስ ግድያ ሲፈለግ ቈይቶ በ1905 በሳን ፍራንሲስኮ ራሱን ገድሏል። በዚህ አሳብ ላይ የቆመ ሰፊ መጽሐፍም በ1991 ታትሟል። ነገር ግን ሚልተን አንድሩስ ረዥም ሰው ነበረ፤ ዕድሜውም ስሚዝ ከገመተው ያንሳል። ስለዚህ ሌሎች ተመራማሪዎች ሌሎች ሰዎችን እያቀረቡ ሲከራከሩ ኖረዋል። እኛ በዚህ ክርክር ውስጥ አንገባም። ነፍሰ ገዳይ ቢሆን መጽሐፉ አንድ ዘዴ አይጐድልበትም፤ ጨዋ ሰው ቢሆንም አንድ ዘዴ አይጨመርለትም።

የመጽሐፉን ዕድል የወሰነው የደራሲው ማንነት ሳይሆን የአንባቢው ትጋት ነው። ከአንባቢዎቹም ሁሉ የሚበልጠው ዳይ ቨርነን ነው። ይህ ሰው በ1894 በካናዳ በኦታዋ ተወለደ፤ መጽሐፉንም ከልጅነቱ ጀምሮ ቃል በቃል አጠና። በ1922 በቺካጎ ታዋቂውን ሁዲኒን በአንድ የካርታ ትርኢት ደጋግሞ አሳይቶት፥ ሁዲኒ ምስጢሩን ለማወቅ ሳይችል ቀረ። ቨርነን ለወጣቶች ሲያስተምር የኖረው ዋና ትምህርት እጅ ከተፈጥሮው ውጭ ምንም እንዳያደርግ ነው፤ የኤርድኔዝም መለኪያ ይኸው ነበረ። በ1984 በመጽሐፉ ላይ የሰጠው ማብራሪያ ታተመ፤ በ1992 በ98 ዓመቱ ዐረፈ። በ1991 ደግሞ ዳርዊን ኦርቲዝ የተባለ የካርታ ሊቅ ሌላ ሰፊ ማብራሪያ አሳትሞለታል። እንግዲህ አንድ ጊዜ በግማሽ ዋጋ ሲሸጥ የነበረው የቍማርተኛ መጽሐፍ፥ እንደ ታላላቅ መጻሕፍት ተርጓሚዎችና አብራሪዎች ተነሡለት።

ከቨርነን ሕይወት አንድ ታሪክ እናንሣ፤ የምንለውን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው እሱ ነውና። በ1932 ቨርነን በካንሳስ ግዛት በዊቺታ ከተማ ሳለ፥ አንድ እስረኛ ካርታን ከክምሩ መካከል እየሳበ የሚያድል ሰው ማየቱን ነገረው። ይህ ለባለሙያ የማይታመን ወሬ ነበረ። ከሥር ማደል በኤርድኔዝ መጽሐፍ ተጽፏል፤ ካርታው ከተቈረጠ ግን የተዘጋጀው ክፍል ወደ መካከል ስለሚገባ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ከመካከል ማደል የሚችል ሰው ከተገኘ ግን መቍረጡ ራሱ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ቨርነን ያን ሰው ሲፈልግ ቈይቶ በሚዙሪ ግዛት ፕለዘንት ሂል በምትባል ትንሽ ከተማ አለን ኬኔዲ የተባለውን ቍማርተኛ አገኘ፤ ኬኔዲም አሳየው። ካርል ጆንሰን የተባለ ጸሐፊ በ2005 ይህን ታሪክ በመጽሐፍ አውጥቶታል።

ኬኔዲና ኤርድኔዝ ሁለቱም ቍማርተኞች፥ ሁለቱም በጣታቸው የረቀቁ ነበሩ። ነገር ግን ኬኔዲ አልጻፈም። የብዙ ዓመት ልፋቱ በአንዲት ትንሽ ከተማ ተሸሽጎ ነበረ፤ አንድ እስረኛ ባይናገር፥ አንድ ምትሐተኛም ባይፈልገው፥ ከእሱ ጋር ወደ መቃብር በወረደ ነበር። ኤርድኔዝ ግን ጻፈ። የጻፈበት ምክንያት ገንዘብ ነው፤ ስሙንም ደብቋል። ሆኖም የጻፈውን በእውነትና በጥንቃቄ ስለ ጻፈው፥ አይቶት የማያውቅ የካናዳ ልጅ ከእሱ ሊማር ቻለ። ዕውቀትን ከባለቤቱ ጠባይ ለይቶ ለሌላ ሰው የሚያስተላልፈው የጠራ ጽሑፍ ነው ያልነው ስለዚህ ነው።

ይህ ማለት ግን ደራሲውን ከወቀሳ ነጻ እናወጣዋለን ማለት አይደለም። መጽሐፉ የዋሁን ክፉ አያደርገውም ብሎ ይከራከራል። እኛ በዚህ ፈጽሞ አንስማማም፤ የተጻፈ ዘዴ ለምትሐተኛ በደረሰበት መንገድ ለአጭበርባሪም ይደርሳል፥ በእነዚያ ገጾች የሠለጠነ እጅ የስንቱን ደመወዝ እንደ በላ ሊቈጥር የሚችል የለም። ደራሲው ይህን ዕዳ በፈገግታ ማለፉ ትልቅ ጕድለቱ ነው። ነገር ግን ሚዛን ሁለት ወገን አለው። ቍማርተኛው እርስ በርስ በሹክሹክታ የያዘው ነገር ለተበዳዩ አይታወቅም ነበር፤ በመጽሐፍ ከወጣ በኋላ ግን ለሚጠነቀቀውም፥ ለሚያስደስተውም፥ ለሚበድለውም እኩል ተገለጠ። ከሦስቱ ሁለቱ ከበፊቱ የተሻለ ዕድል አገኙ። ፍርዳችንም ይኸው ነው፤ ሰውየውን አናመሰግነውም፥ መጽሐፉን ግን እናከብረዋለን።

በመጨረሻም ለመምህራን ወንድሞቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ተማሪዎቻችሁ ድርሰት ሲጽፉ ስለ ፀሐይ መውጣትና ስለ ወንዝ ውበት ብቻ አይጻፉ። አንድ ቀን የሸማኔን እጅ፥ ወይም የአናጢን፥ ወይም እንጀራ የምትጋግር እናታቸውን እጅ ተመልክተው፥ ያየው ሌላ ሰው ሳይኖር አንብቦ ሊሠራ በሚችልበት ቃል እንዲጽፉት እዘዟቸው። ያን ጊዜ መጻፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃሉ። ስሙ ያልታወቀው የቺካጎ ቍማርተኛ ለክፉ ሥራ ይህን ያህል ከደከመ፥ ለመልካሙ ሙያ ከዚያ ያነሰ መድከም አይገባንም።